በቆርቆሮ የተለወጠች ጥገት

«ጥገና» የሚለውን ቃል በድምፅ ማጉያ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ድረስ ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ። ስልሳውን ከተሻገርኩ ቆይቻለሁ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ በሶዶ ፊደል ያስቆጠርኳቸው ልጆች ዛሬ ሐኪምና ዳኛ ሆነው መንገድ ላይ ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኛል። እፍረት ግን ይህን ሁሉ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ባለፈው ሰሞን የከተማው አስተዳደር የመንገድ ዳር ነዋሪዎችን አዳራሽ ሰብስቦ በቤቶች አያያዝ ደንብ ላይ ክፍት ውይይት ሲጠራ፣ እኔም ከልጄ ከቢኒያም ጋር ሄጄ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ሰብሳቢዋ ገና ወጣት ናት፤ ማይክራፎኑን በጣቷ መታ መታ አድርጋ የደንቡን ዋና ዋና ነጥቦች በወላይትኛም በአማርኛም አነበበች። ወደ መንገድ የዞረ ግድግዳ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ይቀባል፤ የዛገ ቆርቆሮ ይለወጣል፤ የተንጋደደ አጥር ይቃናል፤ ጥገና ያልተደረገለት ቤት ላይ እርምጃ ይወሰዳል። እዚህች ላይ ስትደርስ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ። ቢኒያም አየኝና በርዶሽ ነው ወይ አለኝ። አዎ፣ መስኮቱ ክፍት ነው አልኩት።

እኛ ለዚህ ስብሰባ የበቃነው ወደን አይደለም። መንገዱ ሲሰፋ ከፊታችን የነበረው የሱቅ ረድፍ ፈረሰና፣ ስንት ዘመን በጓሮ ተሸሽጎ የኖረው የአባቴ ቤት አንድ ቀን ጠዋት ራሱን አደባባይ ላይ አገኘው። ሰው ገላውን ሲታጠብ በር እንደተከፈተበት ማለት ነው። ጭቃው የተላጠበት ጎን፣ የዛገው ጣራ፣ ልብስ የምናሰጣበት ገመድ ሁሉ ለአላፊ አግዳሚ ታየ። ጎረቤቶቻችን «እሰይ፣ ፊት ወጣችሁ፣ አሁን ሱቅ ትከፍታላችሁ» እያሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ሲሉን እኔ በቀን ብርሃን በዋናው በር መግባት እየከበደኝ በጎን ስሾልክ ሰነበትኩ። ቤቱ በቢኒያም ስም ስለሆነ ሲጠሩን መልስ የሚሰጠው እሱ ነው ብለን ተስማምተን ነበር የሄድነው። እንዲህ ብሎ መስማማቱ ቀላል ነበር።

ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር የገባሁበት ያ የመጀመሪያው ስብሰባ መቼ ነበር ብትሉኝ ዓመቱ ይጠፋብኛል፤ ያኔ ማን ሹም እንደነበር እንኳ ከእኩዮቼ ጋር ስንከራከር ይረቱኛል። ሻይ አስር ሳንቲም እንደነበር ግን ማንም አይረታኝም። ብስኩት አምስት ሳንቲም ነበር፤ ላምባ በጠርሙስ ከጋሽ ሸምሱ ሱቅ ይቀዳ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ከስልጤ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው ወደ ገበያው መታጠፊያ ላይ ስለነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለእንግዳ መንገድ ሲያሳይ ከእሳቸው ይጀምራል። በረንዳቸው ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ከነመኪናው ተቀምጦ የተማሪ ካኪ ይሰፋል። ጎረምሶቹ ከታች የሚሰፋ ቦላሌ ያሰፉና የሶዶን ጭቃ በሱሪያቸው ጫፍ እየጠረጉ ይሄዳሉ። እኛ ልጃገረዶቹ ደግሞ ጽጌረዳ ያለበት ፖፕሊን ያምረን ነበር፤ መደርደሪያው ሥር ቆመን ስናፈጥበት ጋሽ ሸምሱ «ተዉ እንጂ፣ በዓይን ያለቀ ጨርቅ ማን ይገዛኛል» እያሉ ይቀልዱብናል። ማዶ ካለው ሻይ ቤት ቴፕ ይጮሃል። ፍቅረኛው በአውቶቡስ ሄዳበት መናኸሪያ ቆሞ የሚያለቅስ ሰው የሚዘፍነው አንድ ዘፈን ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ይደጋግሙታል። እናቴ የጸሎት ቤት ሰው ስለሆነች የዓለም ዘፈን ነው፣ ጆሮሽን ድፈኚ ትለኛለች፤ እሷው ግን እዚያ ስንደርስ እርምጃዋ ለምን ይቀንስ እንደነበር እስካሁን አልገባኝም። ዛሬ በዚያ መታጠፊያ ሞባይል የሚጠግኑ ልጆች ጃንጥላ ዘርግተው ተደርድረዋል፤ የጋሽ ሸምሱም ልጆች ሱቁን ፎቅ አድርገውታል።

አባቴ አንጁሎ ይባላል። ከዱቦ በኩል ካለ ገጠር መጥቶ ከተማ የገባ የዝንጅብል ነጋዴ ነበር፤ ከገበሬው ጓሮ ገዝቶ በአህያ ጭኖ ለጋሽ ሸምሱ ያስረክባል። ያኔ ቤታችን ዋናው መንገድ ዳር ያለ የሣር ክዳን ቤት ነበር፤ ከኋላው እንሰት፣ ከፊቱ ሽማግሌ መጥቶ የሚያርፍበት ትንሽ መስክ። ያ መስክ የአባቴ ኩራት ነበር፤ አህያዋ እንኳ እንዳትረግጠው ዞራ ትገባለች። ሌላው ኩራቱ ከመኝታው ጀርባ ነው ያለው። ዝንጅብል ደህና ባወጣ ዓመት አንድ ወይም ሁለት ቆርቆሮ ይገዛና ጆንያ አልብሶ ግድግዳው ላይ ያስደግፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ለጣራ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እኔ ጆንያውን ገለጥ አድርጌ ፊቴን አይበታለሁ፤ በቆርቆሮ ውስጥ ፊት ተሰባብሮ ስለሚታይ እስቃለሁ። አባቴ ደግሞ አንዳንድ ማታ እራት በልተን ስንጨርስ እጁን ልኮ በጣቱ ቆርቆር ያደርገውና «ዝናቡ እንዲህ ይላል» ይለናል። እኛም ዝም ብለን እናዳምጣለን። አንዳችንም ከቆርቆሮ ሥር ተኝተን አናውቅም ነበር።

አንድ ቀን የማዘጋጃ ቤት መኪና ሞንታርቦ ጭና እየለፈፈች አለፈች። ከዋናው መንገድ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ለቤቱ ጥገና ያድርግ፤ ጥገና የሌለው ቤት ከመስቀል በኋላ ከመንገድ ዳር ይነሳል፤ ከመስቀል በፊት በአዳራሽ ክፍት ውይይት ስላለ እያንዳንዱ ቀርቦ ያስረዳ። ሞንታርቦው ይንቋረራል፤ መኪናዋ አትቆምም። ሣራችሁን በቆርቆሮ ለውጡ ለማለት እንደሆነ ሹሞቹ ያውቃሉ፣ ነጋዴዎቹም ያውቃሉ። አባቴ አማርኛን የለመደው ገበያ ላይ ነው፤ ሚዛን፣ ኩንታል፣ ጨምር፣ ቀንስ። ጥገና የሚባል ነገር ገበያ ላይ አይሸጥም። ጥገት ግን ይሸጣል። እጁን ታጥቦ ተቀመጠና በወላይትኛ ጠየቀኝ፦ ጥገት ማለት የምትታለብ ላም አይደለችም ወይ? እኔ በአማርኛ ትምህርት ከክፍል አንደኛ የምወጣ ልጅ ነበርኩ። ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ መጽሐፉ እንዳለው፣ ጥገት ማለት ጥጃ ያላት፣ ወተት የምትሰጥ ላም ናት አልኩት። በጣም ደስ አለው። የጠየቀኝ ያንን ነው፤ የመለስኩለትም ያንኑ ነው።

እናቴ ግን ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። መንግሥት የእኛ ላም ምን ያደርግለታል አለች። አባቴ ከት ብሎ ሳቀባት። ዓምና ሽንት ቤት ቆፍሩ ብለው አልነበር? ካቻምና ባሕር ዛፍ ትከሉ ብለው አልነበር? ደግሞስ የዘንድሮው ትእዛዝ ከሁሉም ይሻላል አላት፤ ላም የሌለው ሰው ፍግ የለውም፣ ፍግ የሌለው እንሰት የለውም፣ እንሰት የሌለው ደግሞ ቤት አለኝ ይላል እንዴ? በመጨረሻ ቤት ማለት ምን እንደሆነ የገባው ሹም መጣ ብሎ ሰውየውን ሳያየው መረቀው። በወላይትኛ ሲናገር አባቴ ሌላ ሰው ነበር፤ ነገር ያሳምራል፣ ምሳሌ ያመጣል፣ ተጣልቶ የመጣ ሰው ታርቆ ይሄዳል። እናቴም እንደሌላው ሁሉ ተረታች።

ላሟ የመጣችው ከገሱባ በኩል ነው። ዋዳ የሚባል የዝንጅብል ደንበኛው ነበረው፤ ዋዳ ልጁን ሊድር ስለሆነ የሣር ቤቱን ቆርቆሮ ማልበስ ይፈልጋል፣ ደግሞም ላም አለው። ሁለቱ ሰዎች ከእኛ መስክ ላይ ተቀምጠው ነገሩን በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። በማግስቱ ቆርቆሮዎቹ ከመኝታው ጀርባ ተነስተው በሰው ትከሻ ወጡ፤ ግድግዳው ላይ ነጭ ምልክታቸው ቀረ። ከዚያ ዳማዋ ላም ከነጥጃዋ ገባች። የዚያን ሰሞን ደስታችንን ሳስበው አሁንም ፈገግ እላለሁ፣ ከዚያም አፍራለሁ። እናቴ ከጎረቤት ቅቤ መለመን ቀረላት፤ እንዲያውም አንስታ ትሰጥ ጀመር። እኔ ጠዋት ወተት ጠጥቼ ትምህርት ቤት ስሄድ አፌን አልጠርግም ነበር፣ እንዲታይልኝ ብዬ። አባቴ ደግሞ በመንገድ ያለፈውን ሁሉ ይጠራና ላሟን ያሳያል። ማንም አልነገረው። እንዴት ይንገሩት? ሰው ላም ሲገዛ እንኳን ደስ ያለህ ይባላል እንጂ ለምን ገዛህ አይባልም።

የስብሰባው ዕለት አባቴ ከጋሽ ሸምሱ ልብስ ሰፊ ያሰፋውን ኮት ለበሰ፤ ላሟንም አጠባት። እኔን ደግሞ፣ ከባድ ቃል ከመጣ ትረጂኛለሽ ብሎ ይዞኝ ሄደ። ከፊት ተቀመጥን። ሰብሳቢው ካኪ የለበሰ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነበር፤ ክፉ ሰው ነበር ብዬ ልዋሽ አልችልም። ሰዎች ተራ በተራ እየተነሱ አንዱ ሣሩን አንስቶ ቆርቆሮ እንዳለበሰ፣ ሌላው ግድግዳውን ኖራ እንደቀባ፣ ሌላው ምስማር ብቻ እንደጎደለው አስረዱ። አባቴ እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል። በኋላ እንደነገረኝ፣ ሰዉ ሁሉ የተጠየቀውን ትቶ ስለ ቆርቆሮው ለምን እንደሚያወራ ገርሞት ነበር። ተራው ሲደርስ ኮቱን አስተካክሎ ተነሳ።

«እኔ አንጁሎ ነው» አለ። «ጥገት አለ። በገንዘብ አይደለም፣ በቆርቆሮ ለውጦ ነው። በጣም ጥሩ ጥገት ነው። ጠዋት ይታለባል፣ ማታ ይታለባል። ኮሚቴው ይምጣና ይየው።»

ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ ወንድ ላም ነው እንዴ የሚታለበው ብሎ ጠየቀ፣ አዳራሹም በሳቅ ፈረሰ። ጠረጴዛ የሚደበድብ ነበር፤ ሆዱን ይዞ ወደ ውጭ የወጣ ነበር። አባቴ የተደሰቱለት መስሎት እሱም ፈገግ ብሎ ዙሪያውን አየ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለው ለካ ተረት አይደለም፤ እኔ ያን ቀን የእንጨት ወለሉን ስንጥቅ አይቼ መጠኑን ለክቻለሁ። ሰብሳቢው ሳቁን እንደምንም ዋጠና አባባ፣ እኛ ያልነው ጥገና ነው፣ ቤት መጠገን አለው። አባቴ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀና «አዎ፣ ጥገት» አለ። ሳቁ እንደገና ጀመረ። ያኔ ሰብሳቢው እኔን አየኝ። ልጁ ነሽ አይደል፣ በቋንቋችሁ ንገሪው አለኝ።

ነገርኩት። የሚያለሰልስ ቃል ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። ላም አይደለም ያሉት አባባ፣ ጣራውን ነው፣ ሣሩን በቆርቆሮ ለውጡ ነው ያሉት አልኩት። አባቴ ቁልቁል አየኝ። ፊቱ ላይ የነበረችው ፈገግታ ወዲያው አልሄደችም፤ መሄጃ እንዳጣች እንግዳ ትንሽ ቆመች። ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ለእኔ ብቻ፣ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሰብሳቢው «ምን አለ?» አለ። ሳቂዎቹም ተጨማሪ ቀልድ የመጣ መስሏቸው ጆሯቸውን ሰጡ። እኔም በጠራው የትምህርት ቤት አማርኛዬ፣ ፊደሉ ሳይዛነፍ ተረጎምኩ።

«‹ታዲያ ቆርቆሮው?› ይላል።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም። ሰብሳቢው ወረቀቱን አገላበጠና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። አባቴ ተቀመጠ፤ ስብሰባው እስኪያልቅም ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ በየመሐሉ ሌላው ሲያጨበጭብ እሱም ያጨበጭብ ነበር። ሰዎቹ ቢሰድቡት፣ ቢያንጓጥጡት ኖሮ በስንት ጣዕሙ። እሱ ያን ያህል ትሑት ሆኖ ማጨብጨቡ ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ። ስንወጣ ጋሽ ሸምሱ በሩ ላይ ጠብቀውት እጁን ያዙትና ስለ ዝንጅብል ብቻ አወሩት።

በሳምንቱ አባቴ ላሟንና ጥጃዋን እየነዳ ወደ ገሱባ ወረደ። ለእናቴ መልሼ ቆርቆሮዬን አመጣለሁ ብሏት ነው የሄደው፤ ዋዳ ሰው ነው፣ ይገባዋል አላት። እናቴ ግድግዳውን ጠራርጋ፣ ነጩን ምልክት ሳይቀር በጨርቅ አጽድታ ጠበቀች። በማግስቱ ማታ አባቴ ላሟን ከነጥጃዋ እየነዳ ተመለሰ። እናቴ ምን ሆነህ ነው ብትለው «ተመትቷል» አላት። ቆርቆሮው ጣራ ላይ ወጥቶ ምስማር ተመትቷል ማለቱ ነው። ደግሞ ቀስ በቀስ የነገረንን አሁን ሳስታውስ፣ ዋዳ ቤት ሲደርስ ዝናብ ይጥል ኖሯል፤ የዋዳ ቤተሰብ ከነሙሽራው በሩ ላይ ወጥቶ የዝናቡን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። አባቴንም የጣራው ባለውለታ ነው ብለው ከሁሉ በላይ አስቀመጡት፣ በቅቤ ያበደ ጨጨብሳ አበሉት። ምን እግር ጣለህ ሲሉት፣ ላሟ እንዴት እንደተስማማችን ላሳያችሁ ብዬ ነው አላቸው። ላም ለጥየቃ ተወስዳ ታውቃለች? እነሱም በአገሩ እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው የለም ብለው ሸኙት።

መስቀል አለፈ። እንደገና ተሰበሰቡ፣ እኔ ግን አልሄድኩም፤ አባቴም አልወሰደኝም። ጋሽ ሸምሱ ተነስተው እስከሚቀጥለው ዝንጅብል ድረስ ጊዜ ስጡት ብለው ነበር አሉ፤ ደንብ ደንብ ነው ተብሎ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ፊት ለፊት ያለው ቦታ ቆርቆሮ ላለው ሰው ተሰጠ፤ ለእኛ ከኋላው፣ እንሰታችን የነበረበት ላይ፣ በጠባብ መተላለፊያ የሚገባበት ተፈቀደልን። መስኩ ላይ የሱቅ መሠረት ሲቆፈር አባቴ ሠራተኞቹን ውሃ አጠጣቸው። ከዓመታት በኋላ እሱም እንደምንም ቆርቆሮ አለበሰ፤ ዛሬ ዛገ የተባለው ያ ነው። ላሟ አብራን ገባች፤ ወተቷ ጣፋጭ ነበር። ይህን መናገርም ያሳፍረኛል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ስም እንደወጣልን የሰማነው ከሁሉ በኋላ ነው። አባቴ ጥገት ሆነ፣ እናቴ የጥገት ሚስት፣ እኔ በትምህርት ቤት ግቢ ስገባ እምቧ የሚል አይጠፋም። ዛሬ የስሙ ባለቤት ተረስቶ ስሙ ብቻ ለሰፈሩ ቀርቷል። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ አንዱ «ጥገት ጋ ወራጅ አለ» ሲል እሰማለሁ። ዩኒቨርሲቲ የገባች አንዲት የሐረር ልጅ እዚህ ድሮ የወተት ፋብሪካ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሳይኖር አይቀርም አልኳት። እኔም እዚያው እየወረድኩ፣ ለሹፌሩ ግን አንድም ቀን በዚያ ስም አውርደኝ ብዬው አላውቅም፤ ትንሽ አለፍ በል እለዋለሁ።

ከዚያ ስብሰባ ወዲህ አባቴ በሰው ፊት አማርኛ ተናግሮ አያውቅም። እኔ ደግሞ የሱንም ድርሻ ልናገር የተሳልኩ ይመስል አማርኛን የሙጥኝ አልኩ። የአማርኛ አስተማሪ ሆንኩ። ስንቱን የገጠር ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አቁሜ «ላሟ መጣ» ሲለኝ «መጣች» እስኪል አላስቀምጠውም ነበር። ክፍሉ ሲስቅበት ዝም በሉ እላለሁ፤ ድምፄ ግን ሰብሳቢውን ይመስለኛል። ቢኒያም ሲወለድማ ነገሩ ጠናብኝ። ማንም አይስቅበትም ብዬ ገና በጡት ሳለ በአማርኛ ጀመርኩት። ወላይትኛ ከእናቴ ጋር ጓዳ ውስጥ ይወራል፤ ልጁ ብቅ ሲል እንደ ሐሜት ይቆማል። ባለቤቴ ነፍሱን ይማርና፣ ተይ እንጂ ሁለቱንም ይቻል ይለኝ ነበር። እኔ ግን የማደርገው ስለት እንጂ ስህተት አልመሰለኝም።

አባቴ የመጨረሻ ዓመታቱን ከእኛ ጋር ነው ያሳለፈው። ከሰዓት ከሰዓት እሱና ቢኒያም በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይዋደዱ ነበር። አባቴ ያን የሚያሳምረውን ወላይትኛውን ይጀምርለታል፣ ልጁ እያየው ፈገግ ይላል፣ ከዚያ ሁለቱም ዞረው ወደ እኔ ያያሉ። እኔ ደግሞ ሥራ ይዤ እሆናለሁ። አባባ ስለ ድሮ ነው የሚያወራው እላለሁ፣ እንዲሁ በጅምላ። ያን ሁሉ ምሳሌ፣ ያን ሁሉ ነገር ማሳመር «ስለ ድሮ» አልኩት። አንድ ቀን ብዙ ካወራ በኋላ ልጁ ምን አለ ብሎኝ፣ ውሃ ፈልጎ ነው አልኩት፤ ልጁም ሮጦ ውሃ አመጣለት። አባቴ ውሃውን ተቀብሎ ጠጣ። ሳይጠማው እንደጠጣ አውቃለሁ።

እንግዲህ በሰሞኑ ስብሰባ ከኋላ ተቀምጬ ይህ ሁሉ ይመላለስብኝ ነበር። ነገሩ ከደንቡ ንባብ ወደ ሰዉ ውይይት ሲዞር በወላይትኛ ሆነ፤ ሰዉም ደስ ብሎት ይከራከራል። አንዷ ቀለሙ ለምን ግራጫ ይሆናል፣ ሐዘን ቤት አስመሰላችሁን አለች። ሌላው ቀለም ሻጮቹ ዋጋ ከመጨመራቸው በፊት ንገሩን አለ። እንዲህ ዓይነት ስብሰባ አባቴ ቢያይ ስል ከልቤ ደስ አለኝ፤ በሱ ቋንቋ፣ ማንም የማያፍርበት። የኛ ቤት ሲጠራ ቢኒያም ተነሳ። ሰብሳቢዋ ለስለስ ባለ ወላይትኛ የቤታችሁን ጣራ መቼ ትለውጣላችሁ አለችው። ልጄ ከተናገረችው ሁሉ «ቤት» የምትለዋን ብቻ ለቅሞ ስለ ቤተሰቡ የጠየቀችው መሰለውና፣ በተሰባበረ ወላይትኛ፣ ልጆቼ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ትምህርት ቤት ገብተዋል አለ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አዳራሹ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ልጆቹን ያሳድግልህ ያለም ነበር። ቢኒያም ራሱ ከሁሉ በላይ ሳቀና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ፣ ወላይትኛዬ ደካማ ነው አለ፤ እፍረት የሚባል ነገር አልታየበትም። ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ የሚያፍርበትን እንኳ አላስተማርኩትም። ሰብሳቢዋ በአማርኛ ልትደግምለት ስትል ከጎኑ እኔን አየችኝና፣ በጣም በአክብሮት፣ እናቴ እባክዎ እርስዎ ይንገሩት አለችኝ። ነገርኩት። ከጊፋታ በዓል በፊት ቆርቆሮውን እንለውጣለን በያቸው አለኝ፤ እሱንም ነገርኳቸው። ተመዘገበ። ቤታችንን የሚነካው የለም፤ ያ ነገር በዚህ አለቀ።

ልንቀመጥ ስንል ግን ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ፣ አባቴን በዓይን ያውቁት ይሁን አይሁን እንጃ፣ በዱላቸው ተደግፈው ወደ ኋላ ዞሩ። ልጄን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ በወላይትኛ አንድ ነገር ጠየቁ፤ የጠየቁት እኔን ነበር።

ቢኒያም ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «ምን አሉ?»

«‹የማን ልጅ ነው?› እያሉ ነው።»

ሽማግሌው መልስ እየጠበቁ ነበር፤ ሰዉም ዞሮ ያየኛል። አንገቴን ደፍቼ፣ በአባቴ ቋንቋ፣ «የእኔ ነው» አልኩ።